አሮጌው ክንፍ ዛሬ ከመሬት ተነሳ

ክንፉን ሊቆርጡ መጋዙን ሲያስጠጉ አውሮፕላኑ ማጉረምረም ጀመረ። ሞተሩ የተነሳ መስሎን ሁላችንም ሸሸን!

የቦንጋ ሰው ያውቀዋል፤ ድሮ ሜዳው ላይ አርፎ በዚያው የቀረው ትንሹ አውሮፕላን ነው። ዛሬ የብረት ነጋዴዎች ቆራርጠው ሊወስዱት መጡ፤ እኔም ልሰናበተው ሄድኩ።

ሞተሩ እኮ ከተነቀለ ቆይቷል። ከሁሉም ቀድሞ የሮጠው ግን የፊዚክስ አስተማሪው ነው። እኔ ማለቴ ነው።

ከማንኪራ ለገበያ የመጡት ንብ አናቢ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ጆሯቸውን ወደ ክንፉ አስጠጉ።

"ንብ ሰፍሮበታል" አሉ።

"በእሳት እናባርረዋለና!" አለ አንዱ ነጋዴ።

"ተው ልጄ፣ ቤታቸው ነው። ይቺን የክንፍ ጫፍ ለእኔ ተውልኝ።"

ነጋዴው ንቦቹን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ መጋዙን አስቀመጠ።

አመሻሹ ላይ ንቦቹ ሲገቡ ጋሽ ወልዴ ቀዳዳውን በቅጠል ደፈኑ፤ ጫፉም በቀስታ ተቆረጠ። በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ስለሆነ፣ ነጋዴዎቹም አግዘው ሜዳው ዳር ወዳለው ዛፍ በገመድ ወደ ላይ ሳቡት።

ጭጋጉ ሜዳው ላይ ሲወርድ ያ ክንፍ እያጉረመረመ ከመሬት ተነሳ። ሁላችንም አንጋጠን ቀረን።

እናንተስ፣ አለቀለት ከተባለ በኋላ ሲነሳ ያያችሁት ነገር አለ?