ከሰላምታ በፊት

ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን ባሌ ለማስተማር ካቺሲ ተመደበ። እኔ አምቦ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ካቺሲ ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከክፍል ሲወጣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል።

«አከም ጂርታ? ፈያዳ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምራል። ከዚያ ስለ እናቴ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ አከራያችን፣ የአከራያችን ላም እንኳ ሳትቀር ይጠይቃል። እኔም በተራዬ የእሱን ዘመዶች አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። እንዲህ ስንባባል መስመሩ ይቆረጣል።

ማርገዜን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ አይነገርም፤ ጫፉን ታስይዣለሽ፣ የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል።

«ሰሞኑን ምግብ እንቢ ብሎኛል» አልኩት።

«ጨጓራሽ ይሆናል፤ በርበሬ ቀንሺ።»

በማግስቱ ደግሞ «ይቺ ቤት ልትጠበን ነው» አልኩት።

«ምነው፣ አከራይዋ ዕቃ አስገቡብን እንዴ?» አለ ተቆጥቶ። መስመሩ ተቆረጠ።

አለቀስኩ። ቢወደኝ ይገባው ነበር ብዬ። ታላቅ እህቴ እንባዬን አይታ፣ «ነግረሽዋል?» አለችኝ።

«እንዴት አይገባውም?»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ነግረሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»



በማግስቱ ሲደውል «አከም» ብሎ ሳይጨርስ፣ «አርግዣለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል፣ «አለሁ፣ አለሁ» አለ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ከዚያ ስልኩን ረስቶት፣ በጉብታው ለሚያልፈው ሰው ሁሉ በኦሮምኛ እየጮኸ ሲያበስር እሰማው ነበር።

አንዴ ከወጣልኝ በኋላ ሌላውም ቀለለኝ። «ስወልድ አጠገቤ እንድትሆን እፈልጋለሁ» አልኩት በሌላ ቀን።

«እናትሽ አሉ አይደል? እዚያ ወንድ ምን ይሠራል ብዬ እኮ ነው።»

«እናቴም ትምጣ። የምፈልገው ግን አንተን ነው።»

«እሺ፣ እመጣለሁ። እንዲህ ንገሪኝ» አለ። «እኔ መገመት አልችልበትም። ስሳሳት ደግሞ ያስከፋሻል።»

ከዚያ ወዲህ ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገራለን፤ ላሟም ዘመዱም መስመሩ እስኪቆረጥ ይጠየቃሉ።

መውለጃዬ ሲቃረብ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ጤና ጣቢያ ምጡ ሲጠናብኝ፣ እናቴ «አይዞሽ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ» ትለኛለች። ጠንካራ አልነበርኩም። እጁን ያዝኩና፣ በሕይወቴ ለማንም ብዬ የማላውቀውን አልኩት፤ «ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አለኝ።

እናቴ ገላመጠችው። እኔን ግን ያ አንድ ቃል ከአይዞሽ ሁሉ በላይ አበረታኝ። ልጃችን ስትወለድ እጄ እጁ ውስጥ ነበር።