ሠላሳ አንድ ማሳ

አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በእናንተ ምክንያት ዝም ብሎ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የማስተምርበትን ክፍል ማለቴ አይደለም፤ እዚያማ ዝም ቢሉልኝ ደስታዬ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከኤረር ሸለቆ ውሃ ወደ ሐረር ለማምጣት፣ በዚያውም የገበሬውን መስኖ ለማስፋት ጥናት ሲጀመር፣ በትርፍ ሰዓቴ ወደ ሸለቆው እየወረድኩ ሠላሳ አንድ ገበሬዎችን በሳምንት ለስንት ሰዓት ውሃ እንደሚደርሳቸው ጠየቅኩ። በደብተሬ ላይ ተራ ቁጥርና ሰዓት ብቻ አሰፈርኩ። ከዚያ ሕዝብ እንዲወያይ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ዕቅዱ ያንኑ ውሃ ሁለት ጊዜ እንደቆጠረው አስረዳሁ፤ አንዴ ለከተማው ቧንቧ፣ አንዴ ለመስኖው ቦይ። በማግስቱ ሸዋ በር ባጃጅ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች መጥተው እኔንም ደብተሬንም ወሰዱን።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነው። አሥራ አራት ሰው፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ፣ በሩ ሥር አንድ ቢጫ ጀሪካን። የቀኑ ውሃ ያ ብቻ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ድልድል ላወጣ ተነሣሁ፤ ከግድግዳው ጥግ ጀምሬ እያንዳንዱን ከየት እንደመጣና በቀን ስንት ኩባያ እንደሚበቃው ጠየቅኩ። አራተኛው ሰው ጋ ስደርስ መልስ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አላናገረኝም። ስቀመጥ ጎኔ ያለው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ያናገሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጀጎል ውስጥ ተወልደው ያረጁ ልብስ ሰፊ።

«ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚህ ቤት የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። አንተ ስትጠይቅ የእነሱ መሰልክ።»

መምህር መሆኔን ነገርኳቸው።

«ወላሂ፣ እሱስ ያስታውቃል። ፈተና መስጠት ብቻ ነው የቀረህ።»

ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ትቼ ማየት ያዝኩ። ሽማግሌው ከድርሻቸው ግማሹን ሳይጠጡ ያቆዩና ከሰላት በፊት ውዱእ ያደርጉበታል፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን በዚያች ጠብታ ያዳርሳሉ። በእኔ ድልድል ውስጥ ለዚህ ቦታ አልተያዘለትም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው እኩያዬ ነው፣ አነጋገሩም ለስላሳ። ስብሰባው ላይ እንድናገር ያነሳሱኝ ገበሬዎቹ ናቸው ብሎ ያምናል። ደብተሬን ገልጦ ብዕር ሰጠኝ። በየቁጥሩ ትይዩ ስም ከሞላሁ ምሳዬን ቤቴ እንደምበላ ነገረኝ።

ስሞቹን ያልጻፍኳቸው ስለማስታውሳቸው ነበር፤ አንዱም አልጠፋኝም። ቁጥር ሰባት፣ ጫማዬ ጭቃ ሲበላው የልጃቸውን ያዋሱኝ እናት ናቸው። ብዕሩን ተቀበልኩ። ቤቴ በጣም ናፍቆኝ ነበር። ከዚያ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ፣ በሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ የራሴን ስም ጻፍኩ።

መርማሪው እስከ ታች ድረስ አነበበው።

«ሠላሳ አንድ ማሳ አለህ በለኛ። በመምህር ደሞዝ።»

«ስህተት ከተገኘበት የምጠየቀው እኔ ነኝ፤» አልኩት።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። የሆነውን የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ኩባያቸውን ዘረጉልኝ።

«በል፣ አፍስስልኝ።»

ቀስ ብዬ አፈሰስኩላቸው። ከወዲያ ጥግ አንዱ «መምህር፣ ጠብታውን እየቆጠርክ!» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ።

ከተፈታሁ ቆይቷል። ጥናቱ አሁንም በዝግጅት ላይ ነው ይባላል። ኤረር በር ገበያ ላይ ከእነዚያ ገበሬዎች አንዳንዶቹን አያቸዋለሁ፤ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ከእኔ ጋር መታየት ምን እንደሚያመጣባቸው ስለማውቅ እኔም ሰላም ሳልል አልፋለሁ። ስማቸውን ግን በልቤ እጠራለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለሌላ ሰው ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ደብተር ሳትይዙ፣ ምንም ሳትጠይቁ፣ አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ። ሞክሩት።