የቤት አመል የሚጠይቀው ሰው

መጋቢት አሥራ አራት ነበር፤ ማክሰኞ። ወይስ ረቡዕ? አክስቴ ሐሙስ ነው ትላለች፤ ጉልበቷ ሐሙስ ሐሙስ ይብስባታል፣ ያን ቀንም ብሶባት ነበር። ከእሷ ጉልበት ጋር ማን ይከራከራል? እኔ እርግጠኛ የምሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናብ ካየን ወራት አልፈው ነበር፣ የአክስቴ ቤት የኋላ ክፍል ግድግዳ ግን እርጥብ ነበር።

አክስቴ ያን ቀን ቤቷን ልትሸጥ ነበር። ሙሽራ ሆና የገባችበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ጉልበቷ ከደረጃው ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ደረጃ የሌለው አነስ ያለ ቤት አግኝታለች፤ ባለቤቱ ግን «እስከ ዛሬ ማታ እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ ለሌላ ፈላጊ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። የእሷ ቤት ካልተሸጠ ያ ቤት የለም። ያ ቤት ከሌለ ደግሞ ደረጃው አለ።

ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየዋ የመውለጃዋ ጊዜ ተቃርቧል። የቀጠሩት ቤት መርማሪ ከጣሪያ እስከ መሠረት ዞሮ ሲያበቃ፣ «በኋላው ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሳያፈስ አይቀርም፤ ፈርሶ ይታይ» አለ። ጠቡ የተነሣው ውል ልንፈራረም በተሰበሰብንበት ቢሮ ውስጥ ነው።

«ይፈረስ፣ ይጠገን፤ ከዚያ እንፈርማለን» አለ ባልየው።

«ግድግዳዬን የሚያፈርስ መጀመሪያ እኔን ያፍርስ!» አለች አክስቴ። «ላብ ነው። የማያልበው ማን አለ?»

«እማማ፣ ግድግዳ አያልበውም እኮ።»

«አንተ ስንት ግድግዳ አሳድገህ ታውቃለህ?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ተምሬያለሁ ትላለህ። ንገራቸው እንጂ!»

ምን ልንገራቸው? ዩኒቨርሲቲ ስለ ግድግዳ ላብ አላስተማረኝም። በር ላይ ቆሞ ላቡን የሚጠርገው ደላላ አዳነኝ። «ወራጅ አለን ልጥራው» አለ።

ወራጅ አለ የሰው ቅጽል ስም ነው። ሰውዬው እስኪመጣ ድረስ ደላላው ታሪኩን ሹክ አለኝ። ዕድሜውን አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት እያሉ የሚጣሉትን ሲያስታርቅ ኖሯል። አንድ ቀን ደላላው በተሳፈረበት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቤት ሻጭና አንድ ገዢ በሚያፈስ ጣሪያ ምክንያት አንገት ለአንገት ተያያዙ። ትኬት ቆራጩ መሐላቸው ገብቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁለቱም ሊወርዱበት ከነበረው ፌርማታ ሳይደርሱ ታረቁ። ትኬቱን ማሽን መቁረጥ ሲጀምር ደላላው ፈልጎ አገኘው። «ራሱ ግን ቤት ኖሮት አያውቅም» አለኝ። «ከኪራይ ወደ ኪራይ ነው።»

«ምን ነበር የጠየቃቸው?» አልኩት።

«ታየዋለህ።»

መጣ። አጭር ነው፤ የኮቱ ኪሶች ወደ ታች ረግበዋል። ወለሉ አሁን የሚንቀሳቀስ ይመስል እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመ። የሁላችንንም ፊት አየና፣ «ቤቱ እዚህ የለም» አለ። «በሌለበት ስለ እሱ ማውራት ሐሜት ነው። እንሂድ።»

ቁልፉ በአክስቴ እጅ እያለ በሩን አንኳኳ። ዕቃው ተጠቅልሎ ጥግ ጥግ ስለያዘ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ፤ እሱ ግን በየክፍሉ ደፍ ላይ ቆም እያለ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል።

«ጋሼ፣ ማንን ነው?» አለ ባልየው እየሳቀ።

ወራጅ አለ ወደ ኋላው ክፍል አለፈ። እርጥቡን ግድግዳ በመዳፉ ነካ አደረገ። «እኔ ሲሚንቶና ሊጥ ባንድ ላይ ቢቀመጡልኝ አልለይም» አለና ወደ አክስቴ ዞረ። «እናቴ፣ የቤቱን አመል ይንገሯቸው።»

«የምን አመል?»

«መርማሪው ጉድለቱን ነግሮናል። አመሉን የሚያውቅ ግን አብሮት የኖረ ነው።»

አክስቴ አኮረፈች። ከዚያ፣ የቤቷን ስም ሌላ ሰው እንዳያነሳባት ይመስለኛል፣ ጀመረች። የወጥ ቤቱ በር ከፍ ተደርጎ ነው የሚገፋው፤ በጉልበት የመጣበትን አይወድም። ቧንቧው ጠዋት ጠዋት ሳያስል ውሃ አይሰጥም። «ያቺ መካከለኛዋ ደረጃ ደግሞ ወሬኛ ናት። ልጆቼ አምሽተው በእግር ጣታቸው ሲገቡ እሷ ናት የምትነግረኝ።»

ሚስትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይቺንስ እንዳትነኩብኝ!»

«ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?» አለ ወራጅ አለ።

«በረንዳ ወጥቼ አጠጣለሁ።»

«ምኑን?»

አክስቴ ወደ ደረጃው ጠቆመች። ተያይዘን ወጣን፤ ያቺ ደረጃ ሁላችንንም አንድ በአንድ ተናገረችብን። በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ልክ ከእርጥቡ ግድግዳ አናት፣ አበባ የሚተከልበት አንድ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ተቀምጧል። አፈሩ ርሷል። ምንም አልበቀለበትም።

«ባዶ ነው እኮ!» አለ ባልየው።

«እና?» አለች አክስቴ። «ባለቤቴ ሆስፒታል ሊገባ ሲል ‹አደራ፣ ውሃ እንዳይጠማው› አለኝ። ተክሉ ደረቀ። እሱም አልተመለሰ። ትእዛዙን ግን የሻረው የለም።»

ባሏን አስታወስኩት፤ በዚያ ሸክላ ላይ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ሲያደርግ። ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው? ያን ሁሉ ጊዜ፣ በዚያ ጉልበት፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ተሸክማ ወጥታለች።

አብሮን የመጣው መርማሪ ሸክላውን ገፋ አደረገው። ቂጡ ተሰንጥቋል፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶም እንዲሁ። ውሃው የወረደበት ጥቁር መስመር ወደ ግድግዳው ይገባል። ታች ወርዶ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘጋና የውሃ ቆጣሪውን ቆሞ አየው። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። «ቧንቧው ደኅና ነው» አለ፤ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ።

ጠቡ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ባልየው ግን «ስንጥቁስ? ተጠግኖ ይሰጠን» አለ። አክስቴ «ዛሬ ግንበኛ ከየት ልውለድ?» አለች። ድምፅ ከፍ፣ ከፍ አለ። ፀሐይ ወደ ጣሪያዎቹ ወርዳለች፤ የዚያኛው ቤት ባለቤት ሰዓቱን እያየ እንደሚሆን አሰብኩ።

«ወራጅ አለ?» አለ የቀድሞው ትኬት ቆራጭ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ጠቡ ባለበት ቆመ። የሚወርድ አልነበረም።

«ስንጥቁን እኛ እንደፍነዋለን» አለች ሚስትየዋ። «ግድግዳውንም ሲደርቅ እንቀባዋለን። ግን እማማ...» ወደ ሸክላው አይታ ቀሪውን ዋጠችው።

አክስቴ ገባት። የሸክላውን አፈር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። «ይዤው ነው የምሄደው» አለች። «እዚያ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መሬት ቢጠጣ ማንም አይከሰኝም። የግድግዳው ቀለም ትርፍ ደግሞ ከደረጃው ሥር በጣሳ አለ። የናንተ ነው።»

ሳይመሽ ተፈራረሙ። አክስቴ ዛሬ የምትኖረው ደረጃ በሌለው ቤት ነው፤ ሸክላውም በሩ ላይ ነው፤ ምን እንደምታጠጣ አንጠይቃትም።

ወራጅ አለ ግን ከፊርማው በፊት፣ ከቤቱ ስንወጣ፣ በየክፍሉ ተመልሶ «ደኅና አምሹ» ሲል ሰምቼው ነበር። ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው። ከቢሮው ሲወጣ ተከተልኩት። በተከራያቸው በእነዚያ ሁሉ ክፍሎች ማን ቀርቶበት ይሆን? የእሱስ ቤት አመሉ ምን ነበር? ፌርማታው ላይ ደረስኩበትና «ይቅርታ፣ አንድ ነገር...» አልኩ።

አውቶቡሱ መጣ። ወደ እኔ ፈገግ አለ፣ ኮቱን ሰበሰበና ተሳፈረ። በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ አየሁት፤ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ፣ እሱ ግን እግሮቹን ከፈት አድርጎ መሐል ላይ ቆሞ ነበር የሄደው።