የጎጆዎቹ ዘለላ

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው በቤታቸው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። የሚሄደው በዝቶ የሚመጣው ስላነሰ ግን የገሚሱ ጎጆ ክዳን ረግፏል።

አንጋፋው ተማሪ ባምላኩ ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ ትርጓሜ ለመማር ፈቃድ ከጠየቀ ዓመት ሊሞላው ነው። የመምህርን ምርቃት ሳይቀበሉ መሄድ ነውር ነው። የኔታ መጀመሪያ «ጥምቀት ይለፍ» አሉት፤ ከዚያ «ፋሲካ ይዋል»፤ ከዚያ «ክረምቱ ይውጣ»። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጀማሪዎቹን ቃል በቃል እያስደገመ የሚያስቀጽልላቸው እሱ ነው። እሱ ከሄደ ጉባኤው ይፈርሳል ብለው ይሰጋሉ።

በኅዳር አንድ ማምሻ ከተማ ፊዚክስ የምታስተምረው ልጃቸው ሰብለ መጣች። ደጅ እንደተቀመጡ በምሥራቅ ብቅ ያለውን የከዋክብት ዘለላ አይታ ዝም ማለት አልሆነላትም።

«አባ፣ እነዚያ እኮ ወንድማማቾች ናቸው። የተወለዱት ከአንድ ደመና ነው።»

«ይኸው አሁንም አብረው ናቸዋ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

«ለጊዜው ነው። ወጣት ከዋክብትን አቅፎ የሚይዛቸው የደመናው ክብደት ነው። እሱ ሲሄድ መሳሳቡ ይላላል፤ ዘለላው እየሰፋ ይሄድና በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ይለያያሉ።»

«ደመናውን ማን ወሰደው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! ሲደምቁ ብርሃናቸው ገፍቶ ያባርረዋል።»

መሪጌታ በእጃቸው የያዙትን ጭራ ማወዛወዝ አቆሙ። «ባይደምቁ ይቆዩ ነበር በይኛ። የሚቀሩስ የሉም?»

«ጥቂት አሉ።»

«የኔዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ እንቅልፋሞቹ ናቸው።»

ከአንዱ ጎጆ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ሰብለም ሳቀችና ቀጠለች፦ «የተለያዩትም ቢሆኑ አካሄዳቸውን ወደ ኋላ ቢከተሉት የተወለዱበት ቦታ ያደርስዎታል።»

የኔታ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። አምና ቡሬ ለንግሥ ሄደው ሳለ አንድ የማያውቁት ወጣት ቅኔ ሲቀኝ፣ ከመጨረሻው ቃል በፊት ልክ እንደሳቸው ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ነበር። ማን እንዳስተማረው ቢጠይቁት የድሮ ተማሪያቸውን ስም ጠራ። ያን ጊዜ ስቀው አልፈውት ነበር።

ጠዋት ባምላኩን አስጠሩት።

«ክረምቱ ወጣ አይደል?»

«ከወጣ ቆየ፣ የኔታ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልህ? ና፣ ጉልበቴን ሳም።»

ረዥም ምርቃት መረቁት። ከዚያ ደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጀማሪዎቹን ራሳቸው ያስቀጽሉ ጀመር። ባምላኩ አኩፋዳውን አንግቶ ቁልቁል ሲወርድ ትናንት በጉባኤው የተባለውን ቅኔ ያንጎራጉር ነበር። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ልጆቹን ዝም አሰኙ።

ከታች ከመንገዱ፣ የመጨረሻው ቃል ሊደርስ ሲል፣ የጉሮሮ መጥረግ ድምፅ ተሰማ።