በጎረቤቴ ስልክ ላይ የእኔ ጣቶች

አሁን ሁሉም ሰው መስታወት እየዳበሰ ነው የሚጽፈው። እኔ የማወራው ቁልፍ ስለነበረው ስልክ ነው፤ ስለ ጎረቤቴ ስልክ።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ የእኛ ሰፈር ሴቶች ለብቻችን እድር አለን። ያን ጊዜ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። የጸሐፊ ዋና ሥራ ሰው ሲሞት ለአባላት ማሳወቅ ነው። ሰፈር ውስጥ ላለችው ጡሩንባው ይበቃታል። ልጇን ልትጠይቅ ዲጋ ወይም አኖ የሄደችው ግን ወሬው ካልደረሳት ቀብር ትቀራለች፤ ቀብር የቀረች ሴት ደግሞ ቅጣቱን ብትከፍልም ስሟ አይመለስላትም። ስለዚህ በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ በሚኒባስ ረዳቶች እጅ እልክ ነበር። ሞባይል በየቤቱ ገብቷል፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንዷን ፊደል ለማውጣት ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ መጫንም ሁሉንም ያሰለቻል። የእኔ ወረቀት ይደርሳል። ጡረታ የወጣሁት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስትነት ነው፤ ምን ተጽፎ ምን እንደሚቀር አውቃለሁ።

ጎረቤቴም እዚያው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ነበረች። ኮምፒውተር ሲመጣ ለሥልጠና መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የአማርኛውን ታይፕ ቁልፉን ሳላይ እመታ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በኦሮምኛ ሲሆን በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ እንደ ጀማሪ ተምሬ እሱንም ሳላይ መታሁ። የተላከችው ግን እሷ ናት። ለምን እንደተላከች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ አልናገርም። ተመልሳ በሁለት ጣት ጤፍ እንደሚለቅም ሰው ፊደል ስትለቅም፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አሮጌውን ታይፕ እመታ ነበር።

ስልኩን ቤሩት ያለችው ልጇ በሰው እጅ ላከችላት። የእኔ ልጆች ቤሩት አልሄዱም።

ስልኩን ይዛ የመጣችው እድሩ ሹሞቹን በሚመርጥበት እሑድ ነው። ከጸሎት ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም የተመለስነው ድንኳኑ ሥር ተሰብስበናል። ከቦርሳዋ አውጥታ በሁሉም ፊት ለእኔ ዘረጋችው።

«ኮቱ አዴ፣ ነይ። አንቺ የታይፕ ሰው ነሽ። እስቲ እይና ፍረጂ፣ ደህና ዕቃ ነው ወይስ ልጄን ሸውደዋታል?»

አዴ እዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ክብር ነው። እኔና እሷ እኩያሞች ነን።

ተቀበልኳት። ከበድ ይላል። ፊቱን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይንሸራተትና ከሥሩ ሙሉ የፊደል ገበታ ብቅ ይላል። ሬዲዮ አለው፣ ካሜራ አለው፣ ኢንተርኔት አለው፣ ሁለት ሲም ይወስዳል፤ ይህን ሁሉ የምትቆጥረው እሷ ናት። እኔ የማየው ቁልፎቹን ነበር። አደራደራቸው ልክ እንደ ቁቤው ታይፕ ነው። ጣት ቦታውን የሚያውቅባቸውን ሁለት ጥቃቅን ጉጦች እንኳ አልረሱም። ሲጫኗቸው ለስለስ ብለው ይገቡና መልሰው ጣትን ገፋ ያደርጋሉ። የመንግሥት ታይፕ ጥፍሬን ሲሰብረው ነው የኖረው።

«ታዲያ ምን ትያለሽ?» አለች የእድሩ ሰብሳቢ።

«ተንሸራታች ነገር ቶሎ ይላላል» አልኩ። «አቧራ ይገባበታል፤ የሰፈራችንን አቧራ ታውቁታላችሁ። የአማርኛ ፊደልም የለበትም።»

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

ከኋላ አንዲት ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ «አንቺ የጎጃሜ ልጅ፣ አማርኛው ቢቀርበትስ? ቁቤው አለ አይደል? ስንተማማ በምን ቋንቋ መሰለሽ?» አለች። ሳቁ። ነቀምቴ ተወልጄ ነቀምቴ አረጀሁ፤ ሲፈልጉ ግን የጎጃሜ ልጅ ነኝ።

ሰብሳቢዋ ይሞከር አለች። ከአባሎቻችን አንዷ ልጇን ልታርስ ዲጋ ሄዳለች፤ ለእሷ ይጻፍላት ተባለ። ጎረቤቴ መነጽሯን አድርጋ ፊደል መፈለግ ያዘች።

«ቶሎ በያ» አለች ባለሽንኩርቷ፤ «አንቺ እስክትጨርሺው ሟቹ ሠላሳው ይወጣል።»

«ቢ ጠፋችብኝ።»

ቢ ከታች ረድፍ ነበረች። እያየኋት ነጠላዬን አስተካከልኩ።

እንደምንም ላከችው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። መልሱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ የሴትየዋ ልጅ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ስንት ዓመት ስጽፍ ከእኔ ወረቀት እልልታ ወጥቶ አያውቅም፤ እኔ የምጽፈው ሞት ነው። እልልታው ሳይበርድ ሰብሳቢዋ ጸሐፊ ማን ትሁን ብላ ጠየቀች። እጆች ወጡ። ለጎረቤቴ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞተ። ጎረቤቴ በማለዳ ደጄ ላይ ቆማለች።

«አዴ፣ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። አንቺ ጻፊው፣ እኔ እልከዋለሁ።»

«የተመረጠችው ማን ናት?»

«እኔ ነኛ። ሬሳው ግን ምርጫ አያውቅም።»

እምቢ ብዬ ልመልሳት እችል ነበር። ስልኩን ከፍታ ቁልፎቹን ወደ እኔ አዙራ ነው የያዘችው። ተቀበልኳት። ቆሜ፣ በሁለት አውራ ጣቴ፣ የሟቹን ስም ከነማዕረጉ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ አድርጌ ጻፍኩት። አንዲት ፊደል አልሳትኩም። ስልኩን ወሰደችና ላከችው። ገለቶሚ የሚል ምስጋና ከዲጋም ከአኖም ተከታትሎ ገባ፤ ሁሉም የእሷን ስም ይጠራል። አንድ በአንድ አነበበችልኝ።

ቀብሩ ላይ ከአኖ የመጣችው ሴት የጎረቤቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ «አጻጻፍሽ አስለቀሰኝ፤ ያንቺ መልእክት ባይደርሰኝ ቀርቼ ነበር» አለቻት።

«ምን አደረግኩ» አለች ጎረቤቴ። «ሥራዬ አይደል።»

አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሴትየዋ እኔንም ጨበጠችኝ፤ እንደ ማንኛዋም ለቀስተኛ።

ሁለተኛ አልጽፍላትም ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ቀጥሎ ሰው ሲሞት ከበሩ ተጣራች። ወጥ እየሠራሁ ነበር። ቅባቱ ቁልፎቹን እንዳያበላሻቸው እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ወጣሁላት።