ከሾፌሩ አጠገብ ያለችው ወንበር

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ ጣና አጠገብ ባለው በግሽ አባይ ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ ከአሮጌ ቮልስና ከላሜራ አንዲት መኪና ሲበይዱ ኖሩ። በፎቶ ያዩዋት፣ በየብስም በውኃም የምትሄድ የድሮ ጦር መኪና አምሳያ ነበረች። ለሳቀባቸው ሁሉ የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ግድ የለም፣ ለአንተም ቦታ አለ» ይሉ ነበር።

ጣና ዳር ሎጅ ያለው ጎረቤታችን ግን መሳቅ አልበቃውም። መኪናዋ ባለቀች ቀን ወደ ውኃው የሚያስገባውን መንገድ ዘጋና፣ «ይኼን ቆርቆሮ እንግዶቼ ፊት አያምጡብኝ» አላቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ እሷ ሐይቁን ሳትነካ እሳቸው አረፉ። ለቅሶ ላይ ደረቱን እየመታ ከሁላችን በላይ የጮኸው ያው ጎረቤት ነው።

አርባቸው ካለፈ በኋላ መኪናዋን ራቅ ካለ ዳርቻ አስገብቼ በውኃው ላይ እየነዳሁ ሎጁ ፊት ደረስሁ። እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። እሱም ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ውኃ ገባ።

«አሳፍረኝ እንጂ! ጋሼ ለአንተም ቦታ አለ ይሉኝ ነበር።»

«ይሉህ ነበር» አልሁት። «እሳቸው ይቅር ብለውሃል። እኔ ግን የወረስሁት መኪናቸውን ነው፤ ልባቸውን አልወረስሁም።»

ዞሬ ሄድሁ። ከጎኔ ያለችው ወንበር ባዶ ናት፤ ከእሳቸው በቀር የሚቀመጥባት የለም። እሑድ እሑድ ሎጁ ሲሞላ እየመጣሁ አሳየዋለሁ።