ጋሽ ከድር ጠጥተው አያውቁም

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ውስጥ ሆኜ መንገድ እስኪከፈት ስጠብቅ፣ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በአጭር በአጭሩ እየተራመዱ ሲሻገሩ አየሁ። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ "በጠዋቱ ቀማምሰዋል" አለ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ጋሽ ከድርን ሳስብ ዋልኩ።

ከገረሴ ወርጄ አርባ ምንጭ ባዮሎጂ ማስተማር ስጀምር የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነበር። ጋሽ ከድር ከስልጤ የመጡ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ነበሩ። እኔ ደገኛ ነኝና ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሐሊማ ከማንጎው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይጠሩኛል። ጋሽ ከድር ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ባለ ቁጥር "ተከራይ መጣ" ይሉናል።

በሁለተኛው ዓመት ጨዋታቸው ቀነሰ። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው ቁጭ ባሉበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ፊታቸው ደረቀ፤ ደንበኛ ሲገባ ፈገግ ስለማይሉ ሰዉ ያኮረፉት መሰለው። ድምፃቸው አነሰ፣ እርምጃቸው አጠረ። አንድ ዓርብ መስጊዱ በር ላይ ተደናቅፈው ወደቁ። ሱቁ ከሱቃቸው አጠገብ የሆነ አንድ ነጋዴ ሁሉም እየሰማ "ይኼ የመጠጥ እግር ነው" አለ።

ለእሳቸው ዓይነቱ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ከዚያ ወዲያ ከጁምዓ ቀሩ፤ ቤታቸው መስገድ ጀመሩ። ልጃቸውን ራሕማን ለማጨት ሽማግሌ ልከው የነበሩትም ሰዎች ድምፃቸውን አጠፉ። ያን ሰሞን እትዬ ሐሊማ ክፍሌ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ የመጠጥ ሽታ ሊጠፋኝ ነው?" አሉኝ።

ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ጋሽ ከድርን ለመንኳቸው። አልጠጣሁም ብዬ ለሐኪም ልማል ወይ ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ እሺ ብለው የተነሡት፣ እትዬ ሐሊማ ካልሄድክ እህል አልቀምስም ስላሏቸው ነው።

ሐኪሙ ወጣት፣ የጋሞ ልጅ ነበር። ጣታቸውን እንዲያነካኩ ነገራቸው፤ አስኬዳቸው፤ ሽታ ይለዩ እንደሆነም ጠየቃቸው። ቅቤ ሲነጠር እንኳ እንደማይሸታቸው ተናገሩ። እትዬ ሐሊማ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ ይህን ነግረዋቸው አያውቁም ነበር።

በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል ከነገራቸው በኋላ ሳይቸኩል አስረዳቸው። አንጎላችን ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚሠሩት በወጉ ሲታጠፉ ነው። አንዳንዱ ተሳስቶ ይታጠፋል፤ የተሳሳተው ሌላውን ያሳስታል፤ እንዲህ እየተከማቹ ሲሄዱ እንቅስቃሴን የሚመሩት ሴሎች ይሞታሉ። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ፕሮቲን ሰውነት ይገነባል ብዬ ከማለፍ በቀር እንዲህ አስቤው አላውቅም። ጋሽ ከድር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲያጥፉ የኖሩ ናቸውና ወዲያው ገባቸው።

"ለምን ተሳሳተ?" አሉት።

"እሱን ገና በደንብ አላወቅነውም፣ ጋሼ።"

"መጠጥ ነው የሚያመጣው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ልጄ፣ ይህን ለመስጊዱ ሰዎች ንገርልኝ" አሉት።

ሐኪሙ እሺ ብሎ በቀጣዩ ዓርብ መጣ። ከስግደት በኋላ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ፤ ያ ጎረቤት ነጋዴም መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ጋሽ ከድር ውሃ ሊጠጡ ብርጭቆ አነሡ፤ ውሃው ደረታቸው ላይ ይፈስ ጀመር። ነጋዴው ተነሥቶ ብርጭቆውን ያዘላቸው።

"ከድር፣ አፉ በለኝ" አለ።

"አፉ ብያለሁ። አሁን ብርጭቆውን ቀና አድርገው፤ አንተም እያፈሰስክ ነው።"

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ሐሊማ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ከድር በነጋዴው ክንድ ተደግፈው ጁምዓ ይሄዱ ነበር። ክኒኑ ለጥቂት ዓመታት እጃቸውን አረጋጋላቸው፤ ከተማው ውስጥ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ እናስልክ ነበር። በሽታው ግን አልቆመም። በኋላ ሐሳባቸውም ይምታታባቸው ጀመር፤ በመጨረሻም ቤታቸው ውስጥ አረፉ። የራሕማ አጮች እንደወጡ ቀሩ። እሷ ሌላ ሰው አግብታ ወለደች፤ ዛሬ የአባቷን ሱቅ የምትመራው እሷ ናት።

እኔም ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ነው። ስለ ፕሮቲን አስተጣጠፍና ስለ ፓርኪንሰን ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ መድኃኒት ተገኘለት ወይ ይለኛል። ሕመሙን የሚያስታግስ አለ፤ የሚያስቆመው ግን ገና ነው እላለሁ። ያኔ ስለ ጋሽ ከድር እነግራቸዋለሁ፤ ከበሽታው ባይድኑም በሰው መሃል፣ በሙሉ ክብራቸው እንደሞቱ።